የበረታው እኔ

እኔ በጂንና በመንፈስ ወሬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ፣ ሐረር ተወልጄ ሐረር ያደግሁ፣ «እዚያ ግንብ ሥር ድምፅ አለ፣ እዚያ ዛፍ ሥር ጥላ አለ» ሲባል እየሰማሁ ያረጀሁ ሰው ስሆን አንድም ቀን ደንግጬ አላውቅም፣ እንዲያውም ያወራልኝን ሁሉ «ማታ ምን በልተህ ነው የተኛኸው?» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነበርኩ። ሥራዬም ስፖርት ማስተማር ነው፣ ከሳንባና ከጡንቻ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ አፍሬ ነው። ባለቤቴ እንኳ ግማሹን ነው የምታውቀው።

የስፖርት አስተማሪ ነኝ ስላችሁ ደግሞ ቀጭን ሰው እንዳይታያችሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ቦርጬ ከእኔ ቀድሞ ክፍል ይገባል፣ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ጥላ ሥር ቆሜ «ሩጡ» የምል ሰው ነኝ። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ለጓደኛው «ቲቸር መስፍን ራሱ አንድ ዙር ቢሮጥ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ነበር» ሲል ሰማሁት፣ ጓደኛው እስኪያለቅስ ሳቀ፣ እኔም ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺ ሳቅ ሆዴ ውስጥ ቀረች። በዚያው ወር ሐኪም ዘንድ ሄጄ ደም ግፊትህ ከፍ ብሏልና ተንቀሳቀስ ተባልኩ፣ ጉልበቴ ደግሞ መሮጥ አይችልም፣ እንግዲህ ብስክሌት ይሻላል አልኩ።

ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ሱቅ ያለው አብዱሰላም የሚባል ወዳጅ አለኝ፣ የጀጎል ልጅ ነው፣ ዱባይ ያለው ወንድሙ አንዳንድ ያልተለመደ ዕቃ ይልክለታል። ያን ሰሞን ሁለት ብስክሌት ልኮለት ነበር፣ ሁለቱም በባትሪ የሚያግዙ የተራራ ብስክሌቶች። አንደኛው ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር ያለው ከፊት ብቻ ነው፣ ቀለል ያለ፣ ባትሪው ግን ከብረቱ ላይ እንደ ጡብ ተለጥፎ ከሩቅ ይታያል። ሁለተኛው ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር አለው፣ ጎማው ወፍራም፣ ሞተሩ ፔዳሉ መሐል ተሸጉጦ፣ ባትሪው ብረቱ ሆድ ውስጥ ገብቶ አይታይም፣ ላላወቀ ሰው ተራ ብስክሌት ነው። አብዱሰላም እንደ ወንድም መከረኝ፣ ለአስፋልት ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃሃል፣ የጀጎልን ድንጋይና ከከተማው በላይ ያለውን የሐኪም ጋራ ኮረት የምታስብ ከሆነ ግን ወገብህን የሚያድንልህ ሁለተኛው ነው አለኝ። ሁለተኛውን ወሰድኩ። ለወገቤ ነው አልኩት። ውሸቴን ነው፣ የወሰድኩት ባትሪው ስለማይታይ ነው።

ከዚያ የኋላውን አሞርዛተር በትንሽ ፓምፕ አየር ሊሞላልኝ ጎንበስ አለና «ኪሎህ ስንት ነው? በኪሎህ ልክ ነው የሚሞላው» አለኝ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጨርቅ እያማረጡ ነበር። ሰማኒያ ሁለት አልኩት፣ ዘጠና ስድስት ነኝ። ቦርጬን ቀና ብሎ አየና «ወላሂ?» አለኝ፣ «ወላሂ» አልኩት፣ በሰማኒያ ሁለት ኪሎ ልክ ሞላው። እኛ ሐረር ያደግን ክርስቲያኖች ወላሂ ከአፋችን አይጠፋም፣ እንደ መሐላም አንቆጥረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር የኋላው አሞርዛተር እስከ መጨረሻው ተጨፍልቆ «ድው» ይላል፣ ውሸቴን የሚቆጥርብኝ ይመስል።

ቤት ስገባ ጥቁር ፕላስተር አምጥቼ መሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ስክሪን ሸፈንኩ፣ ብረቱ ላይ የተጻፈውንም ሸፈንኩ፣ ባለቤቴ ምን እያደረግህ ነው ስትለኝ አቧራ እንዳይገባው አልኳት። በማግሥቱ ከሥራ በኋላ ሐኪም ጋራን ወጣሁ። እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም፣ ፔዳሉን ነካ ስታደርጉት ሞተሩ እንደ ንብ እያጉረመረመ ወደፊት ይወስዳችኋል፣ ድንጋዩ ከሥር ይንጫጫል፣ እናንተ ግን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ናችሁ፣ መኪና ማርሽ የሚቀንስበትን ዳገት እኔ በሃምሳ አንድ ዓመቴ እያፏጨሁ ወጣሁት። ስወርድ ሰዎች ቆመው አዩኝ፣ አንዱ «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግርዎ?» አለኝ፣ እኔም «ልምምድ ነው» አልኩ።

አዎ ወይም አይደለም አላልኩም፣ ልብ በሉ፣ «ልምምድ ነው» ብቻ ነው ያልኩት። ግን ሆዴ ያውቀዋል። በሳምንት ውስጥ ወሬው አቦከር ሰፈር ደረሰ፣ ትምህርት ቤት ደረሰ፣ ያ የሳቀብኝ ተማሪ ኮፍያውን አውልቆ ሰላም ይለኝ ጀመር፣ እኔም ወሬውን ለመጠበቅ የማላደርገው ነገር አልነበረም፣ ሰው ካለበት ልደርስ ስል ከውኃ ጠርሙሴ ግንባሬ ላይ እረጫለሁ፣ ትከሻዬን እያወዛወዝኩ «እህ፣ እህ» እያልኩ አለከልካለሁ። የስፖርት አስተማሪ ስለሆንኩ ማለክለክ እችልበታለሁ፣ የልጆቹን ስሰማ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ።

የማያምን አንድ ሰው ነበር፣ ደረጀ የሚባል የሒሳብ አስተማሪያችን። ይህ ሰውዬ ፍጥነትና ዳገት እያሰላ «በዚህ ዕድሜ በዚህ ደቂቃ አይሆንም» ይለኛል፣ እኔም ቀንቶ ነው እላለሁ። አንድ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳገቱ ሥር ካለው ቦኖ ውኃ አጠገብ ስልኩን ይዞ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ስትነሳ ልቅረጽህና ለተማሪዎቹ እንልክላቸዋለን አለኝ። ገባኝ፣ ሊያጋልጠኝ ነው የመጣው። ፊቴን በውኃ ረጭቼ ማለክለክ ስጀምር ነው እንግዲህ እማማ ዙበይዳ ከቦኖው ወደ እኔ የመጡት።

ስማቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሰባ የተጠጋቸው ቀጭን ሴትዮ ናቸው፣ ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጄሪካን በገመድ አስረው ጀርባቸው ላይ አዝለዋል፣ ገመዱ ደረታቸው ላይ ሻሻቸውን ጨምድዶታል። እኔን ሳይሆን ብስክሌቱን ነበር የሚያዩት። «ልጄ፣ ይቺን ውኃ እላይ ብታደርስልኝ» አሉኝ፣ «ልጄ አራስ ናት፣ ባሏ ጅግጅጋ ነው ያለው፣ ቤት ጠብታ የለም፣ እኔም ዛሬ ጉልበቴ ከዳኝ።»

ብስክሌቱ የዕቃ መጫኛ የለውም፣ ግን ከመሪውና ከመቀመጫው መካከል ባለው ብረት ላይ ጄሪካኑን ጋደም አድርጎ በዚያው ገመድ ማሰር ይቻላል፣ ያን ጊዜም አይቼዋለሁ፣ ዛሬም ያንኑ ነው የምላችሁ፣ ሞተሩ ሃያ ሊትር አይደለም እሳቸውንም ጨምሮ ያወጣ ነበር። ግን ደረጀ ቆሟል። ዘጠና ስድስት ኪሎ ሰው ሃያ ሊትር ውኃ ጭኖ ያን ዳገት ሳይወርድ ከወጣ ሒሳብ አስተማሪ አያስፈልግም፣ ማንም ይነቃል። ስለዚህ ደረቴን ይዤ አለከለክሁና «እማማ፣ ወላሂ እግሬ አልቋል፣ ራሴንም መሸከም አቅቶኛል፣ አላህ ከእኔ የበረታ ይላክልዎ» አልኳቸው። ምጽዋት የምንከለክለውን ሰው በምርቃት እንደምናሰናብተው ማለት ነው፣ እጃችን ባዶ ሲሆን አፋችን ይሞላል።

እሳቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ገመዱን ለቅቀው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ ግንባሬ ላይ ያለውን ውኃ አዩት፣ ጠርሙሱን አዩት፣ ከዚያ ቀስ ብለው «አሚን። የበረታውን አንተን ይላክልኝ» አሉ። «አንተን» ሲሉ ምላሳቸውን ያዳለጣቸው መሰለኝ፣ ቤታቸው የሚነጋገሩት በሌላ ቋንቋ ነውና አማርኛው ተምታታባቸው ብዬ አለፍኩት። ደረጀ «ተነስ፣ እየቀረጽኩ ነው» አለኝ፣ ተነሳሁ።

እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ እያለከለክሁ ወጣሁ፣ መታጠፊያውን ስዞር ደረጀ ስለማያየኝ ማለክለኬን ተውኩ። ማለክለኩ ግን አልቆመም።

እኔም እንደ እናንተ በመጀመሪያ የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ትንፋሼን ያዝኩ፣ አፌን ገጠምኩ፣ ከኋላዬ «እህ፣ እህ፣ እህ» ይላል፣ የእኔው ዓይነት ነው፣ ግን የእኔ የውሸት ነበር፣ ይኼኛው የእውነት ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት የልጆች ትንፋሽ የሰማሁ ሰው ልዩነቱን አላጣውም፣ ሳንባው የሚቃጠል ሰው ትንፋሽ ነው። ዞር ብዬ አየሁ፣ መንገዱ ባዶ ነው። ታች እማማ ዙበይዳ በአቋራጩ ቀስ እያሉ ሲወጡ ጄሪካናቸው ቢጫ ነጥብ መስሎ ይታያል፣ ሌላ ማንም የለም። እንደገና ስነሳ የብስክሌት ካቴና ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፣ ማርሽ ሲቀየር ሰማሁ፣ ጎማ ኮረት ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ፣ የሞተር ድምፅ ግን አልነበረውም። እኔ ጉድጓድ ገብቼ «ድው» ካልኩ በኋላ እሱም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ግን «ድው» አይልም፣ ለስለስ ብሎ ያልፋል፣ ክብደቱን ሳይዋሽ እንዳስሞላ ሰው።

ሞተሩን ወደ መጨረሻው ኃይል ከፍ አደረግሁት። ብስክሌቱ ተወረወረ፣ ትንፋሹ ግን አልራቀም፣ አልቀረበምም፣ እኩል ተከተለኝ። ጫፍ ስደርስ ወርጄ ቆምኩ፣ ያን ጊዜ ድምፁም ቆመ፣ ከዚያ ከታች፣ ከሩቅ፣ የሆነ ነገር ሲንከባለል ሰማሁ፣ ፕላስቲክ ድንጋይ ሲመታ የሚሰማ ድምፅ። ምን እንደሆነ ወርጄ ማየት ነበረብኝ። እሳቸውን ዳግመኛ ላለማየት ስል በሌላኛው መንገድ ዞሬ ወደ ቤቴ ወረድኩ። ፍርሃት ነበር ብላችሁ ይቅር እንዳትሉኝ፣ ፍርሃቱ ጥቂት ነበር።

ዓርብ ቀን ደረጀ መምህራን ክፍል ገባና በሰው ፊት እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። «ይቅርታ አድርግልኝ» አለ፣ «ተጠራጥሬህ ነበር። ከተነሳህ በኋላ ስልኬን ዘግቼ ሻይ እየጠጣሁ ነበር፣ ሴትየዋ ሲወድቁ አላየሁም፣ ጩኸት ስሰማ ቀና አልኩና አንተ ከየት እንደመጣህ እንጃ፣ ጄሪካኑን ብስክሌትህ ላይ አስረህ፣ እሳቸውን በአንድ እጅህ ደግፈህ ስትወጣ አየሁህ። እግርህ ይንቀጠቀጥ ነበር መስፍን። እኔ ሮጬ ልመጣ ሲገባኝ አፍሬ ቆሜ ቀረሁ።» መምህራኑ ሁሉ አዩኝ፣ አንዷ ዐይኗ እንባ አቀረረ። እኔ አልነበርኩም ማለት ነበረብኝ፣ ምናልባት ሌላ ሰው ነው ማለት እንኳ ይበቃ ነበር። መልሼ እጁን ጨበጥኩት። ደረጀ ሴትየዋ ዳሌያቸውን ተጎድተው እንደተኙ ሰምቻለሁ ሲል ብቻ ነው ከወንበሬ የተነሳሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስኳርና ሳሙና ገዝቼ፣ አራስም ልጠይቅ የተጎዳም ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር፣ ይህን ይመስክርልኝ የሚመሰክር ካለ፣ ሙሉውን ልናገር፣ ሞተር አለው ልላቸው፣ ከዚያ በየቀኑ ውኃ ላመላልስላቸው ቆርጬ ነበር። ጫፍ ላይ ያለችው ባለሱቅ የአራሷን ቤት አሳየችኝ፣ በሩ ክፍት ሆኖ መጋረጃ ተንጠልጥሎበታል፣ ብስክሌቱን ከቤቱ ጀርባ አስደግፌ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ሳንኳኳ አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ ወጣች፣ ነጃት ናት፣ የእማማ ዙበይዳ ልጅ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቀደሙ» አለችኝ። ከዚያ እጆቼን አየችና ጄሪካኑስ አለችኝ፣ መልሴን ሳትጠብቅ መጋረጃውን ገልጣ አስገባችኝ። በአራት ቀን ውስጥ የሆነውን ሁሉ ለእኔው ትነግረኛለች፣ እናቷን ደግፌ ያመጣኋት ዕለት ሸሚዜ ላብ በላብ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ልክ ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃውን በር ላይ አስቀምጬ ግቡ ስትለኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እንደምመለስ፣ አንድም ቃል እንደማልናገር፣ ያ ውኃ ባይኖር ሕፃኑን በምን ታጥብ እንደነበር አላህ ብቻ እንደሚያውቅ። እያወራች ጎንበስ ብላ እጄን ልትስም ነበር፣ ቀማኋት። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር፣ ግን የወጣው «ምንም አይደል» የሚል ቃል ነው።

እማማ ዙበይዳ መደቡ ላይ ተንጋለው ያዩኝ ነበር። ብዙ ካዩኝ በኋላ ለልጃቸው በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል፣ «ነጃት፣ ይሄኛው እሱ አይደለም። ይሄ የዚያን ቀን የለመንኩት ነው» አሏት።

ነጃት አፍራ ሳቀች፣ ከወደቀች ወዲህ ትቀባዥራለች አለችኝ። አሮጊቷ ግን አልቀባዠሩም፣ ዐይናቸው ንጹህ ነበር፣ ቂምም አልነበረበትም። ተቀመጥ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ከውጭ ሰማሁት።

መጀመሪያ ካቴናው። ከዚያ ጎማው ኮረቱ ላይ። ከዚያ ትንፋሹ፣ «እህ፣ እህ፣ እህ»፣ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ መጋረጃው ማዶ ቆመ። ገመድ ሲፈታ ይሰማል፣ ጄሪካን መሬት ሲነካ ይሰማል፣ ውስጡ ያለው ውኃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። መጋረጃው መሬት አይደርስም፣ ከሥሩ አንድ ጫማ ይታየኝ ነበር፣ በር ላይ ካወለቅሁት ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ከእሱ አጠገብ የእኔው ተቀምጧል፣ የእኔው አዲስ ነው፣ የዚያ ግን አፍንጫው ተልጦ ሶሉ አልቋል።

«ውጣና ሰላም በለው» አሉኝ እማማ ዙበይዳ። «አይቀየምህም።»

አልወጣሁም። ሦስት እርምጃ ነበር፣ እጄን ዘርግቼ መጋረጃውን መግለጥ ብቻ ነበር የቀረኝ። ፈርቼ ቢሆን ደግ ነበር፣ ሰው ይፈራል፣ ምንም አይደለም። እኔ ግን አፍሬ ነው። ያን ዳገት በእግሩ የወጣ፣ እኔ ነኝ ያልኩትን ሁሉ የሆነ ሰው ማዶ ቆሟል፣ በምን ፊት ነው የማየው? መሬት መሬት እያየሁ ተቀምጬ ቀረሁ። ትንፋሹ ጥቂት ቆየ፣ የሚጠብቅ ይመስል ነበር፣ ከዚያ ካቴናው ተንቀጫቀጨ፣ ሄደ።

ነጃት ሕፃኑን አስተኝታ ወጣች። ጄሪካኑን ይዛ ስትመለስ በሩን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና በሩን አየች፣ ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አደረገችና ውኃውን በማሰሮ ቀዳች። እናቷ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏት። ብርጭቆ አምጥታ ሞልታ ሰጠችኝ።

«ጠጣ ልጄ» አሉኝ እማማ ዙበይዳ፣ «ያንተው ድካም ነው።»

ጠጣሁት። ምን ላድርግ፣ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ስኳርና ሳሙናውን አስቀምጬ፣ ያሰብኩትን ሁሉ ሳልናገር ወጥቼ ሄድኩ።

ይህ ከሆነ ስድስተኛ ወሩ ነው። እሳቸው ድነው ምርኩዝ ይዘው ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ ውኃ ጭኜ ወጥቼ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ በሩ ላይ የሞላ ጄሪካን አገኘሁ፣ ጎኑ ገና እርጥብ ነው፣ የያዝኩትን ደፍቼ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱ ሳሎን ቆሟል። እኔም ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቀጥ ብዬ ወደ ቤቴ ነው የምገባው፣ ባለቤቴ ምስክሬ ናት። ግን ሰዎች መንገድ ላይ ያስቆሙኛል፣ ትናንት ዳገቱ ላይ አየንዎት፣ በርቱ ይሉኛል፣ አብዱሰላም እንኳ ባለፈው ሐሙስ በሱቄ በር ሰላም ሳትለኝ አለፍህ አለኝ፣ ሐሙስ ደግሞ እኔ አሞኝ ተኝቼ ነው የዋልኩት።

እነሱን ምን እንደምላቸው ልንገራችሁ፣ ሌላ ለማንም አልተናገርኩም። አዎ፣ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።